ሆዱን ያጣው ዘጠኝ

በዕድሜዬ ያጭበረበርኩት ሰነድ አንድ ብቻ ነው፤ የአክስቴ የሆስፒታል ቀጠሮ ካርድ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ መሣሪያዬም እርሳስ የምቀርጽበት ግማሽ ምላጭ። ማንም አላየኝም። ለረጅም ዘመን ከዚያ በላይ የኮራሁበትም ያፈርኩበትም ነገር አልነበረኝም። የሚገርመው ግን ያታለልኳት ሴት ማንነት ነው። አክስቴ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውን የሐሰት ቲኬት በጣቷ እየዳሰሰች ስታወጣ የኖረች ሴት ናት።

እናቴ ታላቅ እህቷን እታለም ብላ ነው የምትጠራት። እኔም ከእናቴ አፍ ቀምቼ እታለም አልኳት፤ ከእኔ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ሾፌሮቹ ወሰዱትና የሰፈሩ ሁሉ እታለም ሆና ቀረች። ሦስታችን በሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ስለዚህ ያሳደጉኝ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ሥራ ስትገባ ሌላዋ ትቆጣኛለች። እታለም የወለደችው ልጅ አልነበራትም። እኔን ግን "ሾልካ የገባች ተሳፋሪ" እያለች ትጠራኝ ነበር፤ እንደ ስድብም እንደ ቁልምጫም ነበር የሚያገለግላት።

ሥራዋ ላይ ስትሆን ሌላ ሰው ናት። ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ የቆዳ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ መሃል መንገድ ላይ አውቶቡሱን አስቁማ ትገባለች። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ መብሻና ትንሽ መቀስ። እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ የማን እጅ እንዳለፈበት እንዲታወቅ የራሱ ቅርጽ ያለው መብሻ ነበረው፤ የእሷ የሚበሳው ሦስት ማዕዘን ነው። ደህናውን ቲኬት ትበሳዋለች፤ ተሳፋሪው ይሄዳል። የሐሰቱን ጥጉን በመቀስ ትቆርጠዋለች፤ ተሳፋሪው ይወርዳል። ከአውቶቡሱ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ሁልጊዜ የምትናገራት አንዲት ነገር ነበረች፤ "ቲኬት እስኪወርዱ ድረስ አይጣልም።" እኔ ይህችን ከጸሎት ቀድሜ ነው ያጠናኋት።

ከሥራ ስትመለስ የተያዙትን ቲኬቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ ታስተምረኛለች። ለልጅ የሚነገር ተረት አልነበረም፤ ግን ሌላ ተረት አታውቅም። አንዱ የተበሳውን ቀዳዳ በታኘከ ወረቀት ይደፍናል፤ አንዱ የትናንቱን ቀን በምላጭ ፍቆ የዛሬ ያደርገዋል። ምላጭ ቀለሙን ብቻ አይወስድም፤ ከወረቀቱም ቆንጥሮ ነው የሚሄደው ትለኝ ነበር። ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት የተፋቀው ቦታ ያበራል። እኔም ከፍ አድርጌ አየሁ፤ አበራ። ሌባ ለመያዝ የተሰጠኝን ትምህርት ለሌብነት ማዋሌ የእኔ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ግን ደንቧን ስታፈርስ አየኋት። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አብሬያት ተሳፍሬያለሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ ቲኬቷን ሰጠቻት። እታለም ቲኬቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ጥጉን ቆረጠችው። ሴትየዋ ለመውረድ ስትነሳ እታለም መብሻዋን አወጣችና ያንኑ ቲኬት በስታ መልሳ ሰጠቻት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ተቀመጠች። ከወረድን በኋላ ከቆረጥሽው ለምን በሳሽው ብዬ ጠየቅኳት።

"የተቆረጠው እንዳወቅኩባት እንድታውቅ ነው" አለችኝ። "የተበሳው ደግሞ እንድትደርስ። የልጇ ትንፋሽ አላማረኝም።"

ከዚያ እታለም ታመመች። ታመመች የምለው ዛሬ ነው፤ ያኔ ማንም እንደዚያ አላለኝም። የተባልኩት "ሕክምና ጀምራለች" ነው፤ ሰው ትምህርት ጀመረ፣ ሥራ ጀመረ እንደሚባለው። አነጋገራቸው እድገት ያገኘች ያስመስል ነበር። ቀዶ ጥገናውን እንኳ ለስልጠና እንደሄደች ነው የቆጠርኩት። በየሦስት ሳምንቱ ማክሰኞ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ያለ አጃቢ አትምጪ ተብላለች፤ እናቴ ፈረቃዋን መልቀቅ አትችልም፤ ስለዚህ አጃቢዋ እኔ ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን ሲስተሯ ቁልቁል አየችኝና አዋቂ ሰው ይዘው እንዲመጡ ነበር የተነገረዎት አለቻት። እታለም "ቁመቷን አትዪ የኔ ልጅ፤ ምላሷ ሠላሳ ዓመት አልፎታል" ብላ እጄን ይዛ ገባች።

ማክሰኞ ማለት ሒሳብ የለም ማለት ነው። ለእኔ ሕክምና ድግስ ነበር። እታለም ማልዳ ተነስታ ከንፈሯን ቀይ ትቀባለች፤ ከሻሾቿ መርጣ አንዱን ታስራለች። ፀጉሯን የተላጨችው የሆስፒታሉ ፋሽን ስለሆነ መስሎኝ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሴቶች በሙሉ እንደሷው ነበሩና። እኔም ልላጭ ብዬ እናቴን አስቸገርኳት። በጥፊ አለችኝ። ተመትቼ እኔ ሳላለቅስ፣ መትታኝ እሷ ማልቀሷ ግን አልገባኝም።

ክፍሉ ረጅም ነው። ክንድ ማስደገፊያ ያላቸው አሥራ ሁለት ወንበሮች በግድግዳው በኩል ተደርድረዋል፤ በመስኮቱ የልብስ ማጠቢያው ግቢ ይታያል፤ አረንጓዴ አንሶላዎች ገመድ ላይ ይወዛወዛሉ። ከየወንበሩ በላይ ከረጢት ተሰቅሎ በቀጭን ቱቦ ወደ ሰው ክንድ ይንጠባጠባል። ክፍሉን ያለ ሹመት የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም ሊቀመንበሩ ይላቸዋል። ከሁሉ ቀድመው ይመጡና በደብተር ተራ ይመዘግባሉ፤ ተራ ሊሰርቅ የመጣውን በሳል ብቻ ይመልሱታል። ከአጠገባቸው ባለ ኪሮሿ ትቀመጣለች፤ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ እንኳ ኪሮሿን አትተውም። ወሬያቸው ማን በላ፣ ማን ተኛ፣ የትኛዋ ሲስተር እጇ ቀላል ነው፣ የሚል ነው። አንድ ቀን ባለ ኪሮሿ ነጩ ወርዶብኝ ያለፈው ሳምንት መለሱኝ ስትል ሰማሁና ከወንበሯ ሥር ገብቼ ፈለግኩላት። የወረደው በደሟ ውስጥ ያለው ነጭ የደም ሴል መሆኑን ማን ይንገረኝ። ሊቀመንበሩ ከፈለግሽው አይቀር የእኔንም እዪልኝ አሉኝ።

ከሁሉ የምቀናው ግን በቀዩ መድኃኒት ነበር። ለእታለም የሚሰጣት ከረጢት ውስጥ እንደ ሽሮፕ የቀላ ነገር አለ። ለሦስት ማክሰኞ ታግሼ በአራተኛው ለእኔም በብርጭቆ ትንሽ ቀንሽልኝ ብዬ ሲስተሯን ጠየቅኳት። አሥራ ሁለቱም ወንበር ሳቀ። እታለም መርፌው እንዳይነቀል ክንዷን ይዛ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። ሲስተሯ ያንን ቀይ ከረጢት ስትይዝ ጓንት በጓንት ላይ ደርባ የምታደርገው ለምን እንደሆነ ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ምኞቴ በዚያው ይቆም ነበር።

ስንመለስ ከሆስፒታሉ በር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን የቁጥቋጦ አጥር አለ። እዚያ ስንደርስ እታለም ዞር በይና ቀይ ቀይ መኪና ቁጠሪልኝ፣ እኔ አበባውን ልይ ትለኛለች። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ እቆጥራለሁ፤ እሷ ጎንበስ ብላ አበባ ታያለች። አንዳንድ ቀን እስከ አሥራ ሰባት መኪና ድረስ ታያለች። ካደግኩ በኋላ በዚያ አጥር አጠገብ አልፌያለሁ። የአበባ ዘር የሚባል የለበትም።

ስምንተኛው ማክሰኞ የመጨረሻው ነበር። ሊቀመንበሩ ከነቱቦአቸው ከወንበራቸው ቀና ብለው ንግግር አደረጉ። እኚህ ሴት ተራቸውን ጨርሰዋል፤ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ፊታቸውን እንዳያሳዩን አሉ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እታለም አለቀሰች። እኔ ከአባልነት የተሰረዘች መሰለኝ። ምን አጥፍታ ነው ብዬ ባለ ኪሮሿን ስጠይቃት ግንባሬን ሳመችኝ። ዶክተሩ ካርዱ ላይ አሥራ አራት በዘጠኝ ብሎ ጻፈ፤ በዘጠነኛው ወር ማለት ነው። ያለነው ሦስተኛው ወር ላይ ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ የምሠራው በሌላ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የእጣ ነገር ሆኖ። ሕክምና ላይ ያለ ሰው መስኮታችን ሳይከፈት በር ላይ ነው፤ ዝናብ አያስቀረውም። ሲጨርስ ግን ይጠፋል። ስንደውልለት ደህና ነኝ እኮ ይለናል፤ ቀጠሮው የደህና ሰው ቀጠሮ መሆኑን ለማስረዳት ጉሮሯችን ይደርቃል። አንዳንዱ ደግሞ ሲጨርስ ነው የሚጨንቀው። በየሦስት ሳምንቱ ደሙን የሚያይለት፣ እንዴት አደርክ የሚለው ሰው ነበረው፤ አሁን ስድስት ወር ብቻህን ሁን ይባላል። እታለም ከሁለተኞቹ ነበረች። እኔ ግን ያየሁት ወንበሯ የናፈቃትን ሴት ነው።

ቤት ውስጥ ዝም አለች። ሻሽ መምረጥ ቀረ፤ ቀዩ ቀለም ሳጥን ውስጥ ደረቀ። ፀጉሯ እንደ አዲስ ብሩሽ ቆሞ ሲበቅል እንኳ በመስታወት አላየችውም። በስድስተኛው ወር ገደማ አዲስ ልማድ አመጣች። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ እጇን ግራ ብብቷ ውስጥ ትከታለች፤ ታወጣለች፤ ደግማ ትከታለች። የበረዳት መስሎኝ ሹራብ አመጣሁላት። ወሰደችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

አንድ እሑድ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ከመጋረጃው ጀርባ ሲያወሩ ሰማኋቸው። እታለም ከቀጠሮው በፊት ብሄድስ እያለች ነው፤ ድምጿ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ፈቃድ ሰጪ እንጂ ጠያቂ አልነበረችም። እናቴ ቀበል አድርጋ ምን ሆነሽ ነው የምትሄጂው አለቻት። እታለም ምንም፣ እንዲሁ ነው አለች። እናቴ እንግዲያው አትጥሪው፣ ዶክተሩ ዘጠኝ ካለ የሚያውቀውን ነው ያለው፣ አርፎ የተኛን ነገር ምን አስነሳሽ አለቻት። ከዚያ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። እታለም ጓደኞቿ ናፍቀዋታል፤ እናቴ ከልክላታለች። ናፍቆቱ የእሷ ብቻ አልነበረም ብል ይሻላል፤ ሒሳብ በሳምንት አምስት ቀን ሆኖብኝ ነበር። ግን ለራሴ ብቻ አልነበረም። ያቺ ሴት በሩ ላይ እንደዚያ ስትቀመጥ ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ እንድትስቅ ፈልጌ ነው።

ካርዱ የሚቀመጠው በቆዳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከመብሻውና ከመቀሱ ጋር ነው። እታለም ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አወጣሁትና ምላጬን አነሳሁ። የዘጠኝን ሆድ በግራ በኩል ቀስ እያልኩ ፋቅኩለት። አናቱና ጭራው ቀረ፤ ሰባት ሆነ። ከሲታ ሰባት ነው፤ ግን ሰባት ነው። ከዚያ ቲኬት አጭበርባሪዎቹ ያላሰቡትን አደረግኩ፤ የሻከረውን ወረቀት በጥፍሬ እያሸሁ አለሰለስኩት። ዕቃውን ሁሉ ቦታው መልሼ የቤት ሥራዬን የምሠራ መሰልኩ።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እታለም ካርድሽን አይቼው ቀጠሮሽ እኮ በዚህ በሰባተኛው ወር ነው፤ የፊታችን ሐሙስ አልኳት። ዘጠኝ ነው እንጂ አለች። አውጥተሽ እዪው አልኳት። አወጣችው። አውራ ጣቷ ቁጥሩ ላይ አረፈና ቆመ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ካርዱን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ዘወር ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ካርዱን።

"እውነትሽን ነው" አለች። "ሰባት ነው የሚለው። እኔ ነኝ ዘጠኝ ስል የኖርኩት።"

ዓለም የእኔ ሆነች። ታላቋን ተቆጣጣሪ አለፍኳት። እናቴ ካርዱን ስናሳያት ለፈረቃዋ እየተጣደፈች ስለነበር በጨረፍታ አይታ፣ ዶክተሩ ካለ ምን ይደረጋል አለች። ሐሙስ ጠዋት እታለም የደረቀውን ቀይ ቀለም በጠብታ ውሃ አርሳ ከንፈሯን ተቀባች።

ካርድ ክፍል ግን ሌላ ተቆጣጣሪ ጠበቀን። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ከመስኮቱ ጀርባ እስከ ጣሪያው ድረስ በተደረደረ ፋይል ውስጥ የሚኖር ሰውዬ ነው። ካርዱን ተቀበለ፤ መዝገቡን ገለጠ፤ ካርዱን አየ። እህቴ፣ የእርስዎ ቀጠሮ እኮ በዘጠኝ ነው አለ። ከዚያ የፈራሁትን አደረገ፤ ካርዱን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገው። ከታች ሆኜ አየሁት፤ ሰባቷ እንደ ፋኖስ ታበራለች። ከእታለም ካፖርት ጀርባ ተደበቅኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"ካርዱ ምን ይላል?" አለችው እታለም፤ በአውቶቡስ ድምጿ።

ሰውዬው ካርዱ ሰባት ይላል፣ ግን የተፋቀ ነው አላት።

"ወንድሜ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያስከበርኩት የተሳፋሪውን አፍ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ሰባት ካለ ሰባት ነው። ያስገቡኝ።"

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። እታለምን አያት፤ ግራ ብብቷ ሥር የገባውን ቀኝ እጇን አየ፤ ከዚያ ከካፖርቱ ጀርባ የወጣውን የእኔን ግማሽ ፊት አየ። ፋይሉን አውጥቶ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አስቀመጠው። በድፍረቷ የተሸነፈ ነበር የመሰለኝ። አሁን በእሱ ወንበር ላይ ስቀመጥ አውቀዋለሁ፤ ያለ ቀጠሮው በሩ ላይ የሚቆም ሰው ለጨዋታ አይመጣም፤ እጁ የት እንደሚያርፍ ማየት ብቻ በቂ ነው።

ዶክተሩ ጋ ብቻዋን ገባች። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ ጠበቅኩ። ብዙ ቆየች፤ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዷት፤ መለሷት። በመጨረሻ ስትወጣ ከንፈሯ ላይ ቀለም አልነበረም፤ ነክሳ ጨርሳዋለች። አጠገቤ ተቀመጠችና ከዛሬ በኋላ ያው እንደ ድሮው ማክሰኞ ማክሰኞ እንመጣለን አለችኝ። እኔ አጨበጨብኩ። ቆሜ፣ በሁለት እጄ፣ ኮሪደሩ ሙሉ እስኪያየኝ አጨበጨብኩ። እታለም አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቅ አመለጣት። ያንን ጭብጨባዬን ዛሬም ሳስታውሰው ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሰማች። ወንበር ይዛ ቁጭ አለችና ተመለሰ አለች። ቀጥላም ምን ልትሠሪ ሄድሽ፣ አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት እያለች አነባች። ድንጋጤ ያናገራት ነገር እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ቃል በቃል አመንኳት። ያለ ጊዜው ሄደን በሽታውን ቀሰቀስነው፤ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ሰባቷን ወደ ዘጠኝ ልመልሳት ወሰንኩ። ብዕር አዘጋጅቼ ቦርሳውን ብከፍት ካርዱ የለም። በምትኩ አዲስ ካርድ ነበር፤ ሁሉም መስመሮቹ ማክሰኞ ናቸው።

ሌላ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ስምንት ማክሰኞ። ወንበሮቹ እነዚያው፣ አንሶላዎቹ እነዚያው፤ ድግሱ ግን ለእኔ አለቀ። አጥሩ ጋ ቀይ መኪና መቁጠር ተውኩና የእታለምን ወገብ ይዤ መቆም ጀመርኩ። ልቤን ሲከብደኝ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ጆሮ ሥር ቆሜ፣ ጋሼ፣ ሰው በተሳሳተ ቀን ቢመጣ የሌላ ሰው በሽታ ይደርሰዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሳቸው ደብተራቸውን ዘጉ።

"እዚህ የሚመጣ ሁሉ የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው ልጄ" አሉኝ። "ከዚህ ተቀብሎ የሄደ አላየሁም። በሽታውን የደበቀ ነው መድኃኒት ያጣው። ቀድሞ የመጣማ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ የእኛ ቤት ደንብ ይኸው ነው።"

ግማሹን አመንኳቸው። ሌላውን ግማሽ ልጠይቃቸው ብዬ ለሚቀጥለው ጊዜ አሳደርኩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ተዛውረዋል አሉኝ፤ ደብተሩን ባለ ኪሮሿ ተረክባለች። ትልቅ ሆስፒታል የሊቀመንበርነት ሥራ አግኝተው ይሆናል አልኩ። ትንሽ ቅር ቢለኝም ይገባቸዋል ብዬ ተጽናናሁ።

እታለም ዳነች። በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ ተጠራች፤ አንድም ቀን አልቀረችም። እንዳትቀር ያደረግኳት እኔ ነኝ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ካርዷን በራሴ ደብተር ገልብጬ፣ ቀኑ ሲደርስ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ያመጣሁትን በሽታ የምከፍለው በዚያ መስሎኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈው። እታለም አሁን ሰባ ስድስት ሆናለች፤ የሚያስቸግራት ጉልበቷ ብቻ ነው። ባለፈው ወር የጉልበቱ ሐኪም የድሮ የሕክምና ወረቀት ካለዎት ይዘው ይምጡ አላት። በቀጠሮው ጠዋት ከአልጋው ሥር ያለውን የቆዳ ቦርሳ አምጪ አለችኝ። አቧራውን ጠርጌ ከፈትኩት። መብሻው አለ፤ መቀሱ አለ፤ ከታች ካርዶች በላስቲክ ታስረዋል። የመጀመሪያውን ስስበው እጄ አወቀው።

የካርድ ክፍል ሰው አይደለሁ፤ ሳላስበው ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩት። ሰባቷ አበራች። እንዲህ ያለ ቀሽም ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም። በጥፍሬ ያሸሁት ቦታ ቆሽሿል፤ የዘጠኙ ሆድ ጠባሳው በግልጽ ይታያል፤ ሰባቷ ራሷ ደገፍ ካላሏት የምትወድቅ ነው። ያቺ ሴት ቀርቶ ሕፃን አይሸወድባትም። ቀጥሎ ያየሁት ግን አስቀመጠኝ። የካርዱ ላይኛው ጥግ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ በመቀስ ነው። ከሰባቷ አጠገብ ደግሞ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ሦስት ማዕዘን።

ይዤው በረንዳ ወጣሁ። እታለም ጉልበቷን በፎጣ ጠቅልላ ፀሐይ ትሞቃለች። ካርዱን ፊቷ ስዘረጋው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው።

"ምነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ የኖርኩ ሴት በእርሳስ መቅረጫ የምታለል መስሎሽ ነበር?" አለችኝ።

እንግዲያው ለምን ሄድሽ አልኳት። እጇ ከጉልበቷ ተነስቶ ወደ ብብቷ ሄደ፤ እንደዚያ ዘመን።

"እብጠቱን ካገኘሁት ወር ሆኖኝ ነበር" አለች። "በራሴ እግር ከሄድኩ ጠርቼዋለሁ ማለት ነው። እናትሽ አትጥሪው ትላለች፤ እኔም አልጠራም እላለሁ፤ እሱ ያድጋል። ቀጠሮ ሲሆን ግን ማንም አልጠራውም፤ ቀጠሮ ነው። አንቺ ቀጠሮ ሰጠሽኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጥጉን ቆረጥኩት። የበሳሁት ሁለተኛውን ሕክምና የጨረስኩ ቀን ነው።"

ስንት ዓመት እኔ አመጣሁብሽ እያልኩ መኖሬን ነገርኳት። አርባ አንድ ዓመቴ ቀርቶ አሥር የሆንኩ መሰለኝ። እታለም ደንግጣ አየችኝ። እኔ በምን ልወቅ አለች፤ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር በር ላይ ስትቆሚ ሆስፒታል መሄድ የምትወጂ መስሎኝ ነበር፤ ምን ዓይነት ልጅ ነች እያልኩ ልቀር እችል የነበረበትን ብዙ ቀን ላንቺ ብዬ ሄጃለሁ። ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ፣ እሷ ጉልበቷን ይዛ።

ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ልከት ስል እጇን ዘረጋችልኝ። ይህኛው ለጉልበት አይጠቅምም፣ እኔ ላስቀምጠው አልኳት።

"አምጪው" አለችኝ። "ቲኬት እስኪወርዱ ድረስ አይጣልም። እኔ ገና አልወረድኩም።"

ሰጠኋት። ከመብሻዋና ከመቀሷ ጋር መልሳ ከተተችው፤ የቦርሳውን ዘለበት ቆለፈች። ከዚያ ቀዩን ቀለም አቀብዪኝ አለች፤ ከንፈሯን ተቀባችና ተደግፋኝ ተነሳች።